ዝናብ የያዘው ረፍት

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ከሥሩ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል።]

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየትኛውም የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ምዕራፍ አልተሰጠውም፤ ትምህርት ቤት የዋለ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል። የረፍት ደወል ይደወላል። ልጆች ወደ በሩ ይሮጣሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ሜዳውን ቀድሞ ይዞታል። ያን ጊዜ ምን እናደርግ ነበር? ዛሬስ ልጆቻችን ምን ያደርጋሉ? ወላጆችና መምህራን አብራችሁኝ ቆዩ። ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ ወደ ማብቂያው ላይ የምትሠሩት ነገር አለ።

የትምህርት ዘመናችን ክረምትን ሸሽቶ የተሠራ ነው። መስከረም ላይ ይከፈታል፣ ሰኔ ላይ ይዘጋል። ዝናቡ እጅግ የሚበረታባቸው ሐምሌና ነሐሴ ልጆች ቤት የሚውሉባቸው ወራት ናቸው። ወንዝ በሚሞላበት፣ መንገድ በሚቆረጥበት፣ የገበሬ ልጅም ለአረም በሚፈለግበት ወቅት ትምህርት ቤት መዘጋቱ የሚገባ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከዝናብ ጨርሶ ማምለጥ አልተቻለም። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የአገራችንን ዓመት በሦስት ይከፍሉታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። እንግዲህ አስቡት። መስከረም ላይ የክረምቱ ጭራ ገና ሳይነቀል ትምህርት ይጀመራል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በልጉ ሳይታሰብ ከነመብረቁና ከነበረዶው ይመጣል። ሰኔ ላይ ደግሞ የማጠቃለያ ፈተናና አዲሱ ክረምት በአንድ ሳምንት ይገጥማሉ። በተለይ የወሎ፣ የሰሜን ሸዋና የደቡብ ልጆች በልግ ማለት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

እኔ የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ዘመኑ የ1970ዎቹ ማብቂያ ነበር። በፈረቃ ነበር የምንማረው። የዝናብ ረፍት ደግሞ በአብዛኛው የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ዕጣ ነበር። ለዚህ ምክንያት አለው። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች። የሞቀው አየር እርጥበቱን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የተሸከመው እርጥበት ደመና ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ ይዳምናል፣ 8 ወይም 9 ሰዓት ገደማ ይጥላል። የከሰዓቱ ረፍት የሚደወለውም ያኔ ነው። የጠዋቶቹ በደረቅ ሜዳ ኳሳቸውን አንከባለው፣ ሱዚያቸውን ዘልለው፣ ብያቸውን ተቀባብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኛ ስንደርስ ሜዳው ኩሬ ነው። ፈረቃው ሲዞር እኛም ደረቁን እናገኛለን፤ ያኔ ዝናቡን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው።

ከዝናቡ በፊት ሽታው ይመጣ ነበር። በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ልጆች ቀድመው ያሸቱታል፤ አንዱ ዞር ብሎ «መጣ!» ይላል፤ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ሳሉ ወሬው በሹክሹክታ እስከ ኋላ ዴስክ ይደርሳል። ያ ሽታ ከየት እንደሚመጣ ያኔ የነገረን አልነበረም፤ ለዛሬ ልጆች ልንገራቸው። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይኖራሉ፤ ጂኦስሚን የሚባል ጠረን ያለው ውህድ ይሠራሉ። ጠብታ ደረቅ አፈር ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ይይዛል። አረፋዎቹ በጠብታው ውስጥ አልፈው ላይ ሲፈነዱ የአፈሩን ጠረን የተሸከመ እጅግ ደቃቅ ፍንጣቂ ወደ አየር ይረጫሉ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን በፈጣን ካሜራ ቀርፀው አሳይተዋል። ነፋሱ ከዝናቡ ይቀድማል፤ ስለዚህ ማዶ የጣለው ዝናብ ጠረን እኛ ጋ ገና ጠብታ ሳይደርስ ይደርሳል። የሰው አፍንጫ ለጂኦስሚን በጣም ንቁ ነው፤ ኢምንት የምታህል መጠን ትበቃዋለች። ትንበያውን ሬዲዮ ሳይነግረን በአፍንጫችን ማወቃችን እውነት ነበር ማለት ነው።

[ድምፅ፦ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ፤ ለጥቂት ሰከንድ።]

ይህ ድምፅ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። በረዶ ሲወርድ ዝናብ የሚፈራው ልጅ እንኳ በሩ ላይ አይቀመጥም ነበር። እየተሯሯጡ ይለቅሙታል፤ በጉንጭ ይይዙታል፤ በጓደኛ ማጅራት ይከቱታል። ይህ በረዶ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለደጋ ልጅ ይጠቅመዋል። በሐሩር አካባቢ የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ በግምት ከ4500 እስከ 5000 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በላይ የሚወጣ ጠብታ ይረጋል። ኃይለኛ ነፋስ ከታች ወደ ላይ ስለሚገፋው ቶሎ አይወርድም፤ ደመናው ውስጥ እየዋለለ ሌላ ውኃ ላዩ ላይ ይረጋበታል፣ እየወፈረ ይሄዳል፣ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይወድቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በረዶው መንገድ ላይ የሚቀልጥበት ርቀት አጭር ነው። አፋር ሜዳ ላይ ቢሆን ግን ያው በረዶ ረጅሙን የሞቀ አየር አቋርጦ ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ሆኖ ይደርሳል። የደጋ ልጅ በረዶ መልቀሙ በከፍታው ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ፤ የልጅነቴን የዝናብ ቀን ያየሁት እዚያ ውስጥ ነውና።

መስኮቶቻችን መስታወት አልነበራቸውም፤ የእንጨት መዝጊያ ነበራቸው። ወጨፎው ሲገባ መዝጋት ግድ ነው፤ ሲዘጋ ክፍሉ ይጨልማል። ኮርኒስ የለም፤ ራቁቱን ቆርቆሮ ነው። እያንዳንዱ ጠብታ ስሱን ቆርቆሮ ሲመታው እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል፤ በሺህ የሚቆጠር ጠብታ ባንዴ ሲመታው ከፊት ያለው መምህር አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። በዚያን ዘመን በብዙ ትምህርት ቤቶች የሬዲዮ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ሬዲዮው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ ተማሪው ጆሮውን አቅንቶ ያዳምጣል። ዝናብ ከጣለ ያ ክፍለ ጊዜ አለቀለት። ዛሬ እኔ በዚሁ በሬዲዮ ስናገር፣ ምናልባት አንድ ቦታ ላይ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ልጅ ድምፄን በዝናብ ምክንያት እያጣው ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ያ ልጅ ያሳስበኛል።

የክፍል አለቃ ነበረን። መምህር ሲወጡ ጠመኔ ይዞ ረባሽ ይመዘግባል፤ ያወራ ልጅ ስሙ ሰሌዳው ላይ ይሰፍራል፣ ደግሞ ካወራ መስቀለኛ ምልክት ይደረግበታል። ዝናብ በጣለ ቀን ግን ማን እንዳወራ፣ ማን እንደዘፈነ፣ ማን እንደሳቀ ማንም አይሰማም። አለቃው ጠመኔውን አስቀምጦ መጥቶ ከእኛ ጋር ይቀመጥ ነበር። ለእሱም ረፍት የሚሆነው ያ ቀን ብቻ ነበር። በደረቅ ቀን ከሜዳው ዳር ቆሞ የሚያይ ልጅ፣ ዝናብ ሲመጣ በድንገት የሁላችን ጓደኛ ሲሆን ያየሁት በእሱ ነው።

ይህን ነገር ስታዘብ ቆይቻለሁ። ሜዳው ላይ ልጆች ይከፋፈላሉ። ኳስ ያለው ቡድን ይመርጣል፤ ሩጫ የሚችል ይመረጣል፤ ጉልበት ያለው መሐሉን ይይዛል። ሴቶቹ ሱዚያቸውን ይዘው አንድ ጥግ፣ ወንዶቹ ሌላ ጥግ። ደካማው፣ አዲስ የመጣው፣ እግሩን የሚያመው ከግድግዳው ተደግፎ ይቆያል። ዝናብ ግን ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ያጉራቸዋል። እዚያ ውስጥ ሩጫ አይጠቅምም። ዋጋ የሚኖረው እንቆቅልሽ የሚያውቅ ነው፤ ተረት ያለው ነው፤ እጁ ሥዕል የሚስል ነው፤ ከአያቱ ጋር ያደገ ነው። ከገጠር መጥታ አማርኛዋ ላይ ሲሳቅባት የከረመች አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። አንድ የዝናብ ቀን «እንቆቅልህ» አለች፤ «ምናውቅልህ» አልናት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊመልስላት አልቻለም። አገር ስጡኝ እያለች አገሮቻችንን ሁሉ ወሰደች። ጎንደርን ሰጠናት፣ ሐረርን ሰጠናት፣ በመጨረሻ አዲስ አበባንም ሰጠናት። ከዚያ ቀን ወዲያ በአማርኛዋ የሳቀባት አልነበረም።

ጨዋታው እንደ ቦታው ይለዋወጥ ነበር። በጠመኔ ወለሉ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ይሠመራል። ካርቶን ላይ ዳማ ይሠራል፤ ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ አንዱ ተጫዋች ቆርኪውን በጀርባው፣ ሌላው በሆዱ ያስቀምጣል። ሴቶቹ ዴስክ ላይ ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ። ከደብተር መሐል የተገነጠለ ወረቀት መርከብ ይሆንና ከበረንዳው ሥር በሚወርደው ጠፈጠፍ ቦይ ውስጥ ይለቀቃል፤ የማን መርከብ እስከ በሩ ቱቦ እንደሚደርስ ውርርድ አለ። ከመሐል ስለተገነጠለ ደብተሩ ከኋላም አንድ ቅጠል ይጎድለዋል፤ እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር።

መብል ደግሞ ነበር። በደረቅ ቀን ከበሩ ውጭ እትዬ ቆሎ ሻጭ ይቀመጡ ነበር። ዝናብ ሲሆን እሳቸውም ላስቲክ ደርበው አጥር ሥር ይጠጋሉ፤ የሚሄድ የለም። ስለዚህ በኪሱ ጥቂት ቆሎ የያዘ ልጅ ያን ቀን ለብቻው መብላት አይችልም፤ ሁሉም እያየው ነው። ዘግኖ ያካፍላል። ቆሎ የሚያካፍል ልጅ ነገ ሜዳው ላይ በቡድን ይመረጣል። ይህን ሂሳብ ማንም አላስተማረንም።

[አጭር ሙዚቃ።]

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝን በግልጽ ልናገር። ብዙ ቦታ ዝናብ ሲጥል ረፍቱ ይሰረዛል። «መውጣት ካልቻላችሁ እንቀጥል» ይባላል፤ ደብተር ይወጣል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። መምህራን በቅን ልቦና እንደሚያደርጉት አውቃለሁ። የዓመቱ ትምህርት አላልቅ ብሏቸዋል፤ ክፍሉ ከ50 በላይ ተማሪ አለው፤ ልጆቹ ቁጭ ብለዋልና ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ይህ ልክ አይደለም እላለሁ። ረፍት የሚሰጠው ሜዳው ስላለ አይደለም፤ የልጅ አእምሮ ከአንድ ትምህርት ወደ ሌላው ሲሻገር ማረፍ ስላለበት ነው። ይህ ደግሞ ዝናብ ስለዘነበ አይቀርም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አቋም ረፍት ለቅጣት ተብሎም ሆነ ለትምህርት ተብሎ ከልጅ ሊነሣ እንደማይገባ ተናግሯል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጸድቅ በ31ኛው አንቀጹ የማረፍና የመጫወት መብትን በግልጽ አስፍሯል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። አንቀጹ ስለ ሰማዩ ሁኔታ የሚለው ነገር የለም። የዝናብ ቀን ረፍት ረፍት ነው።

ወላጆች ደግሞ ሌላ ስጋት አለባቸው፤ ብርድ ይመታዋል፣ ጉንፋን ይይዘዋል ይላሉ። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች። ጉንፋን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ዝናቡ ራሱ ቫይረስ አይሰጥም። በዝናብ ቀን ጉንፋን የሚዛመትበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ሁሉም ልጅ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተፋፍጎ መዋሉ ነው። የሳንባ ነቀርሳም የሚተላለፈው በአየር ስለሆነ የታፈነ ክፍል ይመቸዋል። ስለዚህ ወጨፎው ከአንድ በኩል ከመጣ በሌላው በኩል ያለውን መስኮት ክፈቱ። የራሰ ልጅ ግን ራሱን ያድርቅ፤ ረጥቦ መዋል ሰውነት ያቀዘቅዛል፤ ይህ የእናቶች ምክር ትክክል ነው። ደግሞ እኮ እኛው ራሳችን በዓመት አንድ ቀን ልጆችን ወደ ዝናቡ እንልካለን። ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ቀን፣ ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ ልጅ አዋቂ ሳይባል ይወጣበታል፤ ያን ቀን ስንቱ ልጅ እየዘለለ ተጠምቋል! በስዊድን ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን በሌላ መልኩ ያውቁታል። እዚያ መዋዕለ ሕፃናት በዝናብም በአመዳይም ልጆችን ውጭ ያጫውታሉ፤ ከወላጅ የሚጠየቀው ውኃ የማያስገባ ሱሪና ቦት ጫማ ነው።

ቦት ጫማ ካልሁ ዘንድ ጫማ የሌለውን ልጅ መርሳት አልችልም። በእኛ ዘመን ዝናብ በልጆች መካከል ያለውን የኑሮ ልዩነት ያጋልጥ ነበር። አንዱ ቦት ጫማ አለው፣ ኩሬው መሐል ገብቶ ይረግጣል። ሌላው ኮንጎ ጫማ አለው፣ ጭቃው ይገባበታል ግን ይታጠባል። ሌላው የሸራ ጫማ አለው፣ አንዴ ከራሰ ሦስት ቀን አይደርቅም። ሌላው በባዶ እግሩ ነው። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ በሹራቡ ውስጥ ከቶ የመጣ ልጅ ራሱ ርሶ ደብተሩ ደረቅ ሆኖ ይገባል፤ እኔ ይህን ልጅ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ሰኔ 30 ቀን ካርድ ሲሰጥም ዝናብ አይቀርም ነበር፤ ውጤቱን በብብቱ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ፣ ቀለሙ ፈስሶ ቁጥሩ የጠፋበትን ልጅ ታስታውሳላችሁ።

ሽንት ቤቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከግቢው ዳር ነበር። ረፍት የሚያስፈልገው ለጨዋታ ብቻ አይደለምና ልጆች በጭቃው መሐል አቋርጠው መሄድ ነበረባቸው። ብዙ ሴት ልጆች ላለመሄድ ሲሉ ውኃ ሳይጠጡ ይውሉ ነበር። ከክፍል እስከ ሽንት ቤት ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ መሥራት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ወላጆች አንድ ቅዳሜ ቢወጡ ያልቃል።

ክፉ አየር ዝናብ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ያድራል፤ የጠዋቱ ረፍት ሲደወል ልጆች ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ ይዘው ይደረደራሉ። ሠመራ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ እዚያ ልጅ የሚሸሸው ፀሐይን ነው፣ የሚፈልገውም ጥላ ነው። ወደ እነዚህ በሌላ ቀን እመለሳለሁ።

[ድምፅ፦ ነጎድጓድ፤ ከሩቅ።]

መብረቅን ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ይህን ልጆችም መምህራንም በጥሞና ስሙልኝ። የመብረቁ ብልጭታ ወዲያው ይታያል፤ ድምፁ ግን በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ዘግይቶ ይደርሳል። ብልጭ ካለበት ጀምራችሁ እስከ ነጎድጓዱ ድረስ ሰከንድ ቁጠሩ፤ የቆጠራችሁትን ለሦስት አካፍሉ፤ የሚገኘው መብረቁ ያለበት ርቀት በኪሎ ሜትር ነው። 9 ከቆጠራችሁ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ቁጥሩ ከ30 በታች ከሆነ ማንም ልጅ ሜዳ ላይ አይቆይ፤ ወደ ክፍል ይግባ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ሳይሞላ አይውጣ፤ ፀሐይ ብትወጣም። ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው፤ ግቢ ውስጥ ለብቻው የቆመው ትልቁ ዛፍ በተለይ። ከባንዲራው ብረት ምሰሶ፣ ከኳስ ጎሉ ብረት፣ ከሽቦ አጥሩ ራቁ። ክፍል ውስጥም ከበርና ከመስኮት ፈቀቅ በሉ። ወደ ቤት ስትሄዱ ወንዝ ሞልቶ ካገኛችሁት አትሻገሩ። ከጉልበት በታች ሆኖ የሚጋልብ ጎርፍ አዋቂውን ሰው ይጥላል። ወንዝ ሞልቶብኝ ቀረሁ ያለ ልጅ አይቀጣም፤ መምህራን ይህን አስቀድማችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ቅጣት ፈርቶ የሚሻገር ልጅ አለና።

ትምህርት ቤቶች ምን ማድረግ ይችላሉ? በመጀመሪያ በረንዳ። አዲስ ክፍል ሲሠራ ጣሪያው ሁለት ሜትር ወደ ፊት ቢዘረጋ ልጆች ሳይርሱ የሚቆሙበት፣ ገመድ የሚዘልሉበት ቦታ ይገኛል። ቀጥሎ ኮርኒስ። ቺፕውድ ቢወደድ አባቶቻችን ቤታቸውን የሚያኮርኑሱበት አቡጀዲ አለ፤ ከቆርቆሮው በታች ተወጥሮ ቀለም ሲቀባ ድምፁን በመጠኑ ይቀንሳል። ግቢው ቦይ ያስፈልገዋል፤ ውኃው መውጫ ካገኘ ሜዳው ቶሎ ይጠነክራል። በየክፍሉም አንድ ሣጥን ይኑር፤ የቆርኪ ዳማ፣ የገበጣ ጠረጴዛ፣ የሱዚ ገመድ፣ ያረጁ የተረት መጻሕፍት ያሉበት። ሣጥኑ የሚከፈተው ዝናብ ሲጥል ብቻ ይሁን። ልጆቹ ሣጥኑን ሲጠብቁት ዝናቡን ይጠብቁታል። መምህርም በዚያች የረፍት ሩብ ሰዓት ከልጆቹ ጋር ይቀመጥ፤ ካስፈለገም እንቆቅልህ ይበል። ከመምህሬ ጋር አገር የተቀባበልኩበትን የዝናብ ቀን፣ የዚያን ዓመት ትምህርት ከረሳሁ በኋላም አልረሳሁትም።

ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ አትቸኩሉ። ፀሐይ ወጥታ ካፊያው ሳይቆም ሲቀር ልጆች «ጅብ ወለደች» እያሉ ሲወጡ ወደ ምሥራቅ አዙሯቸው። የማርያም መቀነት ሁልጊዜ ከፀሐይ ተቃራኒ ነው የሚታየው፤ ከሰዓት ፀሐይ ምዕራብ ስለሆነች ቀስተ ደመናው ምሥራቅ ላይ ይቆማል። ፀሐይን ከኋላ፣ ዝናብን ከፊት ማድረግ ነው። ፀሐይ ዝቅ ባለች ቁጥር ቅስቱ ከፍ ይላል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ግን ከመሬት ላይ አይታይም። ብርሃኑ በጠብታው ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፣ ከውስጥ ይመለሳል፣ ሲወጣ እንደገና ይታጠፋል፤ ቀይ ከላይ፣ ሐምራዊ ከታች የሚሆነው እያንዳንዱ ቀለም በሚታጠፍበት መጠን ስለሚለያይ ነው። ልጆቹ ይህን ያዩት ቀን የሳይንስ መምህሩ ለሳምንት የሚያስተምረውን አግኝቷል።

ልጆች፣ አሁን ወረቀታችሁን አውጡ። ባዶ የቲማቲም ወይም የወተት ጣሳ ፈልጉ፤ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ከላይና ከታች ስፋቱ እኩል የሆነ ይሁን። የተቆረጠው አፉ እጅ እንዳይቆርጥ ትልቅ ሰው ይመልከተው። ከዛፍና ከጣሪያ ጠፈጠፍ ርቆ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ እንዳይገለብጠው በድንጋይ ደግፋችሁ አስቀምጡት። ዝናቡ ሲያባራ ማስመሪያ አስገብታችሁ የተጠራቀመውን ውኃ ጥልቀት በሚሊ ሜትር ለኩ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው። ከዚያ የክፍላችሁን ጣሪያ ርዝመትና ስፋት በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ለኩና አባዙ። ጣሪያው 8 ሜትር በ7 ሜትር ቢሆን 56 ካሬ ሜትር ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 560 ሊትር ወርዶበታል። ያ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 28 ጊዜ ይሞላል። አሸንዳ ቢኖረው ይህ ውኃ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለዛፍ ማጠጫ ይሆን ነበር። የእናንተ ጣሪያ ስንት ጄሪካን እንደሚሰጥ አስሉና ከሒሳብ መምህራችሁ ጋር አመሳክሩ፤ መልሱን ለርዕሰ መምህሩም ውሰዱላቸው፤ አሸንዳ ለማሠራት የሚጠቅም ማስረጃ ነው። ዝናቡ ከሰዓት ስለሚጥል የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ጣሳውን አስቀምጣችሁ ሂዱ፤ የከሰዓቶቹ ለክታችሁ ቁጥሩን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉላቸው።

[ሙዚቃ ከፍ ይላል።]